የመምህርት ሸዋረጋ እንድርያስ በርጩማ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የየካ ሚካኤል እድርተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፤ ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው እንደ ወጉ ሟቿን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ የቆሙ ልጆች አሉ። የመምህርት ሸዋረጋ የዘንድሮ ተማሪዎች ናቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ወደ ልቅሶው ቤትም ሆነ ወደዚህ ቅጥር ግቢ አልገቡም፤ መምህርታችንን የገደልናቸው እኛ ነን ብለው ያምናሉና። ጽሑፉ ከሁሉ በፊት ለእነርሱ ጆሮ የተጻፈ ስለሆነ፣ አንባቢው የሟቿ ታናሽ ወንድም አቶ አካሉ እንድርያስ ድምፃቸውን ከፍ እንዲያደርጉ፣ ለቀስተኛውም በአጥሩ በኩል ትንሽ ገለል እንዲል ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

ጽሑፉ ጎደሎ ቢሆን ይቅርታ ይደረግለት። ቤተሰቡ ገና በቅጡ አላለቀሰም። ባለቤታቸው አቶ ፍሥሐ ከሆስፒታል የተሰጣቸውን የሟቿን ጫማ በፌስታል ይዘው ቤት ከደረሱ በኋላ፣ ከአልጋው ሥር በቦታው አስተካክለው አስቀምጠው፣ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። ልጃቸው ሰላማዊት እናቷ ዛሬ ለሥራ የሚለብሱትን ነጭ ጋዋን ተኩሳ ሰቀለች። አንባቢው ራሳቸው ድንኳኑ ሲተከል ካስማ ሲያቀብሉ ውለው፣ ድንኳኑ ለማን እንደ ተተከለ የገባቸው ሰው ሁሉ እጃቸውን እየያዘ ማጽናናት ሲጀምር ነው። ሐዘኑ እንደ መጣ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ገና አልተሰማውም።

መምህርት ሸዋረጋ ከአባታቸው ከየኔታ እንድርያስ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ገብረ ማርያም፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ባለችው መንደር፣ በሐምሌ ወር 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩን ልጆች ፊደልና ዳዊት ያስተምሩ የነበሩ ሲሆን፣ የእንጦጦ ብርድ የማይስማማቸው ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጆቹን ጎጆው ውስጥ አስቀምጠው እርሳቸው ከደጅ በርጩማ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያዳምጡ ነበር። ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ያስጠናሉ፣ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ የኔታ ግን ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የተሳሳተውን ልጅ በድምፁ ለይተው፣ በስሙ ጠርተው፣ መልሰህ በል ይሉታል። ሸዋረጋ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ዳዊት የደገሙት በዚያ ጎጆ ውስጥ ነው። የአባታቸውም በርጩማ በኋላ ለብዙ ነገር ምክንያት ስለሚሆን ከወዲሁ ተጠቅሷል።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በእንጦጦና በሥሩ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው፣ ኮተቤ ከነበረው የመምህራን ኮሌጅ በባዮሎጂ ተመርቀው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሆሳዕና አካባቢ በመምህርነት ተመደቡ። እዚያ ወባ ቢያሠቃያቸውም ሰዉ ወዷቸው፣ እርሳቸውም ሰዉን ወደው፣ ዝውውር ደርሷቸው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከነተሸከሙት ቆጮ መናኸሪያ ድረስ የሸኟቸው ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ያገለገሉት እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

በ1988 ዓ.ም. በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደሩትን አቶ ፍሥሐ ምንያህልን በዚሁ በየካ ሚካኤል በቁርባን አገቡ። አቶ ፍሥሐ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መምህርት ሸዋረጋ ደግሞ መናገር ይወዱ ነበር፤ ሞቱ ተብሎ የሚሸፈን ነገር አይደለም። ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ነገራቸው ረጅም፣ አንድ ነገር ለማስረዳት ሲነሡ ከሥሩ ካልጀመሩ የማይሆንላቸው ነበሩ። ልጆቻቸው ሰላማዊትና ሕሩይ በልጅነታቸው ለአንዲት የቤት ሥራ ጥያቄ እናታቸውን ከመጠየቅ ጎረቤት መሄድ ይቀለን ነበር እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቤታቸው ያለ ንግግራቸው ከትናንት ጀምሮ ጸጥ ብሏል።

ለብዙ ዓመታት እንደ ሌላው መምህር ሁሉ ኖት እያስጻፉ አስተማሩ። ሰባ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ እርሳቸው እየተናገሩ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ በፈተና ጊዜ ልጆቹ የጻፉትን ይመልሳሉ። አንድ ቀን፣ በጸባዩም በጽሕፈቱም የሚመሰገን አንድ ተማሪ ተነሥቶ የኩላሊትን ሥራ እንዲናገር ሲጠየቅ፣ ኩላሊት ደምን ያጣራል፣ ኋላ ያላችሁ ጸጥ በሉ፣ ቆሻሻውንም በሽንት መልክ ያስወግዳል ብሎ በአንድ ትንፋሽ ተወጣው። ልጁ የመምህርቷን ቁጣ ከትምህርቱ ጋር ጽፎ፣ ከትምህርቱም ጋር ሸምድዶት ነበር። ክፍሉ ሳቀ። መምህርት ሸዋረጋም አብረው ሳቁ፤ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ምሳቸውን አልበሉም። ያን ቀን ለአቶ ፍሥሐ እንደ ነገሯቸው፣ ያ ሁሉ ልጅ የሰማው ድምፃቸውን እንጂ ትምህርቱን እንዳልሆነ ታይቷቸው ደንግጠው ነበር።

ከዚህ በኋላ ርዕሰ መምህሩን ለምነው አንድ ክፍል ተፈቀደላቸው። የተሰጧቸው ልጆች ሌላው መምህር ተስፋ የቆረጠባቸው፣ ክፍል የደገሙ፣ ጠዋት በታክሲ ረዳትነት ሠርተው አርፍደው የሚመጡ ነበሩ። ዴስኮቹ ዙሪያውን ተደረደሩ። መደበኛው ትምህርት እንዳለ ሆኖ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከሰፈሩ ይዞት በመጣው የራሱ ጥያቄ ላይ ይሠራል፤ ማንን መጠየቅ፣ ምን መለካት፣ ምን ማንበብ እንዳለበት ከጓደኞቹ ጋር ይመክራል፤ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻም ወላጆች ባሉበት ቆሞ ያስረዳል። አንዱ በኮተቤ መንገድ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ለምን እንደሚጠፋ አጠና። ሶሬቲ የምትባል ልጅ ከእንጦጦ እንጨት ሲሸከሙ የኖሩት እናቷ ወገባቸው ለምን እንደ ጎበጠ ጠይቃ፣ ስለ አከርካሪ አጥንት የተጻፈውን ሁሉ አንብባ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ባለሙያ አነጋግራ፣ እናቷን ከፊት አስቀምጣ ስታስረዳ፣ እናቲቱ ልጄ ጀርባዬን እንዲህ አይታው ኖሯል ወይ ብለው አለቀሱ። መምህራኑ ጫጫታውን እየሰሙ ክፍሉን ፓርላማው ብለው አወጡለት። ስሙ የወጣው ለፌዝ ቢሆንም ልጆቹ ወደዱት።

ችግሩ የመምህርቷ አንደበት ነበር። ልጆቹ አንድ ነገር ሊደርሱበት ጥቂት ሲቀራቸው እርሳቸው አላስችል ብሏቸው ጣልቃ ይገቡና መልሱን ከነዝርዝሩ ይናገሩታል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ቲቸር አይቀየሙን እንጂ እርስዎ ሲናገሩ እኛ ማሰብ እናቆማለን አሏቸው። አልተቀየሙም፤ ዝም ብለው መቀመጥ ግን አልቻሉም። ብዙ ከሞከሩ በኋላ የአባታቸውን በርጩማ ከእንጦጦ አምጥተው ከክፍሉ ደጅ አኖሩ። ደንቡም እንዲህ ሆነ፦ በየቀኑ አንድ ተረኛ ይኖራል፤ መምህርቷ ንግግር ካበዙ ተረኛው እጁን ያነሣል፣ እርሳቸውም ሳይከራከሩ ወጥተው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ የያዘውን ሲጨርስ ተረኛው በሩን ከፍቶ ይግቡ ይላቸዋል። ከደጅ ሆነው እንደ አባታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሰላማዊት ይህን ደንብ ወደ ቤት ለማስገባት ሞክራ፣ እዚህ የአባቴ በርጩማ የለም ተብላ ተከልክላለች።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ፣ ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ዘሀራ ጠሀ ተረኛ ነበረች። መምህርቷን አስወጣቻቸው፤ ከዚያም ክፍሉ በሥራው ከመመሰጡ የተነሣ እርሳቸውን መጥራት ረሳ። የእረፍት ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ አልወጡም፤ መምህርቷም አላንኳኩም። በዚያው ሰዓት ለቁጥጥር የመጡ ሰዎች ከርዕሰ መምህሩ ጋር በኮሪደሩ ሲያልፉ፣ መምህርቷን ከደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ተማሪዎቹን ያለ መምህር ሲጯጯሁ አገኟቸው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ሲጠየቁ በማስተማር ላይ ነኝ ብለው መለሱ። ሰዎቹ የተቀለደባቸው መሰላቸው።

በጉዳዩ ላይ በተሰበሰበው ኮሚቴ ፊት ማን እንዳስወጣቸው ቢጠየቁ አልተናገሩም፤ ልጅቷ መምህር ከክፍል አባረረች ተብላ እንዳትቀጣ ፈርተው ነበር። ዝምታቸው ጥፋት እንደ ማመን ተቆጥሮ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፣ ክፍሉ ተበተነ፣ እርሳቸውም የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ሆኑ። ያን ያህል መናገር የሚወዱ ሰው በአቧራ መካከል ተቀምጠው መጽሐፍ ሲቆጥሩ መክረማቸውን ቤተሰቡ ያስታውሳል። ሆኖም ስለዚያ ማክሰኞ ሲነሣባቸው ፊታቸው ይበራ ነበር። እነዚያ ልጆች ረሱኝ እኮ፣ መኖሬን ፈጽመው ረሱት፣ በሥራ ዘመኔ የዚያን ቀን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም ይሉ ነበር። ይህን አነጋገራቸውን ልብ እንድትሉት ያስፈልጋል።

ነገሩ የተፈታው ዘሀራ ራሷ ስለ ተናገረች ነው። በኮተቤ ሱቅ የነበራቸውን አባቷን አቶ ጠሀን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብታ፣ ቲቸርን ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ የረሳኋቸውም እኔ ነኝ፣ ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን አለች። አቶ ጠሀም በበኩላቸው፣ ልጄ ቤት ውስጥ አፏን ከፍታ የማታውቅ ነበረች፣ እዚህ መጥታ ነው መናገር የለመደችው፣ ስለዚህ ክፍሉን ትመልሱልን ዘንድ እለምናለሁ አሉ። ሌሎች ወላጆች ተከተሏቸው፤ የኮሚቴው ሰዎችም ተጋብዘው የልጆቹን ሥራ ቁጭ ብለው ሰሙ። ከመካከላቸው አንዱ አስተያየት ሲሰጡ ንግግራቸው ስለ ረዘመ የዕለቱ ተረኛ ከልማድ የተነሣ እጁን አነሣ፤ ሰውየው ግን ነገሩ ሲነገራቸው ከት ብለው ሳቁና ንግግራቸውን አሳጠሩ። ክፍሉ ተመለሰ። ክፍሉን የመለሰው ውሳኔ ስለ በርጩማው ምንም ስላላለ፣ መምህርት ሸዋረጋ ዝም መባሉን እንደ ፈቃድ ቆጥረው በቦታው መለሱት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ሕመም ያሠቃያቸው ነበር። ሐኪሞች ልባቸው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንደ ተጎዳ ገልጸው ሥራ እንዲያቆሙ ቢመክሯቸውም፣ የያዝኳቸውን ልጆች ለሰኔ ሳላደርስ አላርፍም ብለው በመድኃኒት እየተረዱ ቀጠሉ። ሕመማቸውን ለተማሪዎቻቸው አልነገሩም። አቶ ፍሥሐ ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እየሸኟቸው ይመለሱ ነበር።

ወደዚህ ሳምንት ማክሰኞ እንመጣለን። ልጆች፣ ሁላችሁም ይህን ስሙ።

የዕለቱ ጉዳይ ከእንጦጦ መንደር በላይ ያለ አንድ ምንጭ ውሃው ለምን እየቀነሰ እንደሄደ ነበር። መምህርት ሸዋረጋ ያን ምንጭ በልጅነታቸው ያውቁታልና ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ እናታቸው እንስራ እያነሡ ብዙ ተናገሩ። ተረኛዋ እጇን አነሣች። ስሟን እዚህ ያልጻፍነው ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያያት ነው። እርሳቸውም ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጆቹ አያውቁም፤ የሚያውቁት ሥራቸውን ጨርሰው በሩን ሲከፍቱ በርጩማው ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። በኅዳር ንፋስ አስወጥተናቸው፣ ረስተናቸው፣ ሳንሰማቸው ታመው ሞቱ እያሉ የሚያለቅሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ትናንት ግን የትምህርት ቤቱ የጥበቃ ሠራተኛ አቶ ከድር ለልቅሶ መጥተው ያዩትን ነገሩን። በግቢው ሲዘዋወሩ መምህርቷን ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አገኟቸው። አቶ ከድር ደንግጠው ተማሪዎቹን ሊጠሩ ወደ በሩ ሲራመዱ፣ መምህርት ሸዋረጋ ኮታቸውን ይዘው አስቆሟቸው። ይተዋቸው አቶ ከድር፣ ሊደርሱበት ነው አሏቸው። አቶ ከድር ነፍስዎ ትበልጣለች ብለው ቢለምኗቸው፣ ቆይ አንዴ ይስሙ ብለው ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ታዲያ ዛፉ ብቻ ከሆነ ምንጩ ዛፉ በተተከለ ጊዜ ለምን አልደረቀም ብላ እየጠየቀች ነበር። መምህርት ሸዋረጋ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ነው አቶ ከድር አንድ መምህር ጠርተው፣ በሩን ሳይነኩ፣ ደግፈው ወደ መኪና የወሰዷቸው።

ሆስፒታል ለደረሱት ለአቶ ፍሥሐ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬም ረሱኝ አሏቸው። አቶ ፍሥሐ ቅሬታ መስሏቸው አዝነው ነበር፤ እየሞቱ እንኳ የሚያስታውሳቸው ማጣታቸው አንገብግቧቸው፣ ቃሉን ለማንም ላለመናገር ወስነው ነበር። አቶ ከድር ያዩትን ሲነግሯቸው ግን ቃሉ ከአፋቸው አመለጠ። ሰላማዊት ሰማችና፣ አባዬ፣ እማዬ ይህን ስትል ፊቷ ምን ይመስል ነበር አለቻቸው። አቶ ፍሥሐ ጥቂት አስበው፣ ፈገግ ብላ ነበር አሉ። ቤተሰቡ ሊያለቅስ የተቃረበው ያን ጊዜ ነው፤ ግን እንባው አልመጣም።

መምህርት ሸዋረጋ ረቡዕ ማለዳ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች እንዳስረዱን፣ በዚያን ሰዓት ልጆቹ ቢጠሩ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ በርጩማው ላይ ባይሆን ቤታቸው፣ ማክሰኞ ባይሆን በሌላ ቀን የሚመጣ ነበር። ንፋሱም አልገደላቸውም። ተረኛዋ ልጅ ደንቡን ጠበቀች፤ ክፍሉም በሥራው ተመስጦ ረሳቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ሃያ ዓመት የደከሙበትን ነገር በጆሯቸው እየሰሙ፣ አይጥሯቸው ብለው ሄዱ። ከደጅ የቀሩት በፈቃዳቸው ነው። ቤተሰቡ በእናንተ ላይ ቂም የለውም፤ እዚህ ካለነው ከማናችንም ይልቅ ደስ ያሰኛችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የዘንድሮው ክፍል ልጆች ከአጥሩ ውጭ መቆማቸው ይብቃ። ገብተው ከሰላማዊትና ከሕሩይ ጎን ይቁሙ። ተረኛዋ አቶ ፍሥሐ አጠገብ ቦታ ተይዞላታል። እስኪደርሱ ድረስ ንባቡ ይቆማል፤ አቶ አካሉ ልጆቹ ሁሉ ገብተው ሳይጨርሱ የሚቀጥለውን እንዳያነቡ አደራ ተብለዋል።

መምህርት ሸዋረጋ በሞት የተለዩት ከባለቤታቸው ከአቶ ፍሥሐ ምንያህል፣ ከልጆቻቸው ከሰላማዊትና ከሕሩይ ፍሥሐ፣ ከወንድማቸው ከአቶ አካሉ እንድርያስ፣ እንዲሁም አሁን ከቤተሰቡ ጎን ከቆሙት ተማሪዎቻቸው ነው። ከኮተቤ በመምህርነት ተመርቃ በዚያው ትምህርት ቤት የምታስተምረው ዘሀራ ጠሀ ክፍሉን ለመረከብ ተስማምታለች። በርጩማው በቦታው ይቆያል፤ እርሷም መናገር እንደምትወድ ሰምተናል።

በሐዘናችን ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ብዙ ዘመን በልጆች ደጅ ላይ ተቀምጠው እስኪጠሩ የታገሡትን መምህርት፣ የአብርሃምና የይስሐቅ የያዕቆብም አምላክ ከደጁ አያቆያቸው፤ በሩን ከፍቶ ይግቡ ይበላቸው። አሜን።